ኮዱ ክስ እንጂ ፍርድ አይደለም

ሰውየው ከጎታቹ መኪና ወርደው ወደ እኔ ሲመጡ በእጃቸው ጥቁር ፌስታል ይዘው ነበር። በፌስታሉ ውስጥ የመጽሐፍ ያህል ስፋት ያለው የብረት ሳጥን አለ። «ይኼ የኮሮላዬ የራሷ ኮምፒውተር ነው፤ ሞቷል ተብሎ ወጣ» አሉኝ። ከሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ተገዝቶ የመጣው ሁለተኛው ኮምፒውተር ኮሮላዋ ላይ ተገጥሟል። ኮሮላዋ ግን አሁንም ገመድ ጫፍ ላይ ናት፤ ሞተሪኖው ያዞራታል፣ እሷ ግን አትነሳም። ሃምሳን የተሻገሩ የታክሲ ሹፌር ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይሠሩ ከርመዋል። ኮምፒውተሩ ተለውጦ ለውጥ ሲጠፋ ደግሞ ቀጣዩ ትእዛዝ መጣላቸው፤ «የኢሞቢላይዘሩንም ሳጥን ይግዙ፤ ካልሆነ እናጥፋው።»

የመኪና ኤሌክትሪክ እየሠራሁ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ታሪክ ከነፌስታሉ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የመኪናው ዓይነትና የባለቤቱ ዕድሜ ይለያያል፤ የሚነገረው ቃል ግን አንድ ነው፤ «ስካነሩ አንብቦታል።» በጋራዦቻችን የሰፈነው እምነት እንዲህ ይላል፦ ስካነር ተሰክቶ መኪናውን ከስርቆት ከሚጠብቀው ሳጥን፣ ከኢሞቢላይዘሩ ጋር ግንኙነት ተቋርጧል የሚል ኮድ ከወጣ ሳጥኑ ሞቷል፤ የሞተ ሳጥን ይለወጣል፤ ለውጡ ካልሠራ ኢሞቢላይዘሩ ከነጭራሹ ይጠፋል። ባለቤቱም፣ መካኒኩም፣ ዕቃ ሻጩም ይህንኑ አምነው ይኖራሉ። እኔ ይህ እምነት ስሕተት ነው እላለሁ። ሰው ያደኸያል፣ ሙያውን ያዋርዳል፣ መኪናውንም ከነሕመሙ ወደ መንገድ ይመልሳል። ስካነሩ የሚያወጣው ቁጥር ክስ ነው። በክስ ላይ ምስክር ይሰማል፣ ማስረጃ ይቀርባል። እኛ ግን ክሱ ተነብቦ ሳያልቅ ፍርዱን እየፈጸምን ነው።

ስልክ ደውላችሁ ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም የሚለውን ድምፅ ስትሰሙ ለቅሶ አትቀመጡም። ባትሪው አልቆ ይሆናል፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ገብቶ ይሆናል፣ የራሴ ስልክ ይሆናል ያስቸገረው ትላላችሁ። ዩ0167 የሚባለው ኮድ የሚናገረውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ «ከኢሞቢላይዘሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም» ነው የሚለው። ተናጋሪው ደዋዩ ነው። የተደወለለት ምን እንዳገኘው ደዋዩ አያውቅም። ሞቷል ብሎ የሚተረጉመው ስካነሩን የያዘው ሰው ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ክርክሬ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና። በቁልፉ ጭንቅላት ውስጥ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ቺፕ አለች። የራሷ ባትሪ የላትም። ቁልፉ ሲገባ በማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመው ቀጭን የሽቦ ቀለበት 125 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በሆነ ሞገድ ኃይል ይሰጣታል፤ እሷም በዚያችው ኃይል ማንነቷን ትናገራለች። ቀለበቱ የሰማውን ወደ ኢሞቢላይዘሩ ሳጥን ያደርሳል። ሳጥኑ ቁልፉ የቤት ልጅ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ በሽቦ ለሞተሩ ኮምፒውተር «ፍቀድ» የሚል ምስጢራዊ መልእክት ይልካል። ኮምፒውተሩ መልእክቱን ካላገኘ ነዳጅ አይረጭም። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ቺፕ፣ ቀለበት፣ ሳጥን፣ ኮምፒውተር፣ በመካከላቸው ያሉት ሽቦዎችና ሶኬቶች፣ ለሁሉም ኃይል የሚያደርሰው ፊውዝ፣ እንዲሁም ሁሉም ወደ ባትሪው የሚመለሱበት ማሳ፣ ሁሉም መሥራት አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ሲያጥር ውጤቱ ያው ዝምታ ነው። እኛ ከመካከላቸው በጣም ውድ የሆኑትንና እምብዛም የማይበላሹትን ሁለቱን መርጠን እንከስሳለን።

የኮሮላዋ ኮድ ቢ2799 ነበር። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚወጣ የኢሞቢላይዘር ኮድ ነው። ይህች ቁጥር በአንድ ስም ሁለት በሽታ ትሸከማለች። አንደኛው በኢሞቢላይዘሩና በሞተሩ ኮምፒውተር መካከል ያለው መልእክት ሲቋረጥ ነው። ሁለተኛው መልእክቱ ደርሶ መለያው ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ ሁለቱ ሳጥኖች ይሰማማሉ፣ ግን አይተዋወቁም። አሁን ልብ በሉ። አንድ ሰው ሽቦ የተበጠሰባትን መኪና ይዞ ይሄዳል፤ ቢ2799 ይነበባል። ከሌላ መኪና የወጣ ኮምፒውተር ይገጠምላታል። ያ ኮምፒውተር የመጣበትን መኪና መለያ ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ የመጀመሪያው በሽታ ሳይነካ ሁለተኛው ተጨመረ። ስካነሩ እንደገና ሲሰካ የሚያሳየው ያንኑ ቢ2799 ነው። ባለሙያው ይህን አይቶ «አዲሱ ኮምፒውተርም አልሠራም፤ እንግዲህ ኢሞቢላይዘሩ ነው» ብሎ ይደመድማል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ስካነሩ በሚሰካበት የመመርመሪያ ሶኬት ላይ 4ኛና 13ኛ ቀዳዳዎችን አገናኝቶ፣ ቁልፉን ከፍቶ 30 ደቂቃ በመተው ኮምፒውተሩንና ኢሞቢላይዘሩን ማስተዋወቅ ይቻላል። ያንን እንኳ የሞከረ አልነበረም፤ ቢሞከርም በተበጠሰ ሽቦ ትውውቅ የለም።

እንግዲህ ከኮሮላዋ ጋር ያደረግሁት ይህ ነው። ስካነሬን ከሳጥኑ አላወጣሁም። በመጀመሪያ ቁልፉን አስገብቼ ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራውን ቀይ የጥበቃ መብራት ተመለከትኩ። ቁልፉ ሳይገባ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሳስገባው ጠፋች። ይህች መብራት ብዙ ትናገራለች። ያጠፋት ኢሞቢላይዘሩ ነው፤ ያጠፋትም ቁልፉን ስላወቀው ነው። እንግዲህ ቺፑ ደህና ነው፣ ቀለበቱ ደህና ነው፣ ግዙ የተባሉት የኢሞቢላይዘር ሳጥንም በሕይወት አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺ መብራት በሁሉም ፊት ስትመሰክር ነበር፤ ምስክርነቷን የተቀበላት አልነበረም። መብራቷ መብለጭለጯን ብትቀጥል ኖሮ ፍለጋው ወደ ቁልፉና ወደ ቀለበቱ በሄደ ነበር፤ የቁልፍ ቤቱ ሲቀየር ቺፗ አሮጌው ውስጥ ቀርታ የምትጣልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ባትሪውን ለካሁ፤ 12.5 ቮልት። ሞተሪኖው ሲያዞር 10.4 ድረስ ወረደ፤ ደህና ነው። ወደ ሳጥኑ የሚገባውን ኃይልና ማሳውን ፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። ከዚያ የባትሪውን ተርሚናል ፈትቼ፣ የሁለቱንም ሳጥኖች ሶኬት ነቅዬ፣ በመካከላቸው የሚሮጡትን ሁለት የመልእክት ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካኋቸው። አንደኛው ከ1 ኦም በታች አሳየኝ። በሁለተኛው ላይ ቴስተሩ ምንም አላሳየም። ተበጥሷል።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ከመቆሟ በፊት ምን ተሠራላት?» አልኳቸው።

«ኧረ ምንም። ዘይት እንኳ አልቀየርኩም።»

«ሬዲዮ? አላርም? ጂፒኤስ?»

«ጂፒኤሱንማ ልጄ አስገጥሞልኛል። ከመቆሟ አራት ቀን በፊት መሰለኝ። ግን እሱ ከሞተሩ ጋር ምን አገናኘው?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሳቸው ግን የደበቁት ነገር አልነበረም፣ የጠየቃቸው ሰው ነው የጠፋው። የእግር መርገጫው አጠገብ ያለውን ፕላስቲክ ከፍቼ የሽቦውን ጅማት ተከተልኩ። አንድ ቦታ ላይ የፋብሪካው ጥቅል ተቀዶ በጥቁር ፕላስተር እንደነገሩ ተጠቅልሏል። ጂፒኤሱን ያሰረው ሰው የሚፈልገውን ሽቦ ሲልጥ ምላጩ የጎረቤቱን ሽቦ ነክቶታል። ከመዳብ ክሮቹ ጥቂቶቹ ሳይቆረጡ ቀርተው አራት ቀን አሠሩት፤ የመንገዱ ንዝረት የቀሩትን ጨረሳቸው። ስንዝር የማይሞላ ሽቦ ቆርጬ በሊድ በየድኩት፣ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ አለበስኩት። ከፌስታሉ የወጣውን ኮምፒውተር ወደ ቦታው መለስኩ። ሞቷል የተባለው ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር ተነሳች። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ።

ሰውየው አልተደሰቱም። መሪውን እንደያዙ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ። ለሁለተኛው ኮምፒውተር የከፈሉት ብድር ነበር።

የሳጥን ለውጥ እምነቱ ይህን ያህል ስሕተት ከሆነ እንዴት እስከዛሬ ቆመ የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። አንዳንዴ ስለሚሠራ ነው፤ የሚሠራበትን ምክንያት ግን የሚመረምር የለም። ሳጥን ለመለወጥ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ይሰካል። የሻገተ ወይም የላላ የሶኬት ጥርስ በዚህ መንቀልና መሰካት ይፋቃል፣ ይገጥማል። መኪናው ይነሳል። ምስጋናውን አዲሱ ሳጥን ይወስዳል። ሁለት ወር ሳይሞላ ጥርሱ እንደገና ሲሻግት መኪናው ይቆማል፤ ያኔ ደግሞ «ሴኮንድ ሃንድ ዕቃ ዕድሜ የለውም» ይባላል። ሞተ የተባለው የመጀመሪያው ሳጥን ደግሞ ተሽጦ ለሌላ ያልታደለ ሰው መኪና መድኃኒት ተብሎ ይገባል። በዚህ መንገድ ደህና ሳጥኖች ከመኪና ወደ መኪና ሲዞሩ፣ የታመሙት ሽቦዎች ባሉበት ይቀራሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

አንድ ነገር ልመስክር፤ የምናገረው ከውጭ ሆኜ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከአውሮፓ የመጣች ያሪስ ላይ የኢሞቢላይዘሩ ሳጥን ሞቷል ብዬ የፈረድኩት እኔ ነኝ። በቴስተር ለክቼ ነበር፤ ሳጥኑ 12.3 ቮልት ይደርሰዋል፣ እንግዲህ ኃይል አለው፣ መልስ ካልሰጠ ሞቷል አልኩ። ባለቤቷ ነርስ ነበረች፤ ከእኅቷ ተበድራ ሳጥኑን ገዛች። አልሠራም። የጋራዡ ሽማግሌ የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ አስረው መጡና ሳጥኑ ኃይል በሚያገኝበት ቦታ ላይ አገናኙት። አምፖሉ ጭል እንኳ አላለም። ማሳው የታሰረበት ብሎን ዝጎ ነበር። ቴስተር በውስጡ 10 ሜጋ ኦም ያህል ተቃውሞ ስላለው ከሽቦው የሚስበው ኃይል ኢምንት ነው፤ በአንዲት የመዳብ ክር የተንጠለጠለ ሽቦም ቢሆን ለቴስተር ሙሉ 12 ቮልት ያሳየዋል። 21 ዋት አምፖል ግን ወደ 2 አምፔር ይስባል፤ ሥራ ሲጠየቅ ነው ሽቦው ጥንካሬው የሚታወቀው። ከዚያ ወዲህ ኃይልና ማሳ ያለ አምፖል ለክቼ አላውቅም። በመልእክት ሽቦ ላይ ግን አምፖል አይሰካም፤ ሳጥኑን በእርግጥ የሚገድለው ያ ነው። ያችን ነርስ ካሳዘንኳት ብዙ ዓመት አልፏል፤ ፊቷ ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

የእኛ አገር ደግሞ ሽቦ የሚታመምበት ምክንያት የበዛበት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የመስታወቱ ሥር የውኃ መውረጃ በቅጠል ሲደፈን ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ምንጣፉ ሥር ያለው ሶኬት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። የቆመ መኪና ኮፈን ሥር አይጥ ትገባለች። አላርም፣ ሬዲዮ፣ ጂፒኤስ በየሱቁ ደጃፍ ላይ ይታሰራል። አንድ መኪና ባለቤት በተቀያየረበት ቁጥር የተጨመረና የተቆረጠ ሽቦ አለ። ይህን ሁሉ እያወቅን ግንኙነት ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምንጠረጥረው በብረት ታሽጎ የተቀመጠውን ሳጥን መሆኑ ያስገርመኛል።

ስካነሩ ራሱም ከጥርጣሬ ነፃ አይደለም። በርካሽ የሚገዛው በስልክ የሚሠራው ስካነር ብዙውን ጊዜ የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ የሚያናግር በመሆኑ ኢሞቢላይዘሩን ሲፈልግ «የለም» ይላል፤ ያላገኘው ቋንቋውን ስለማያውቅ ነው። የመመርመሪያው ሶኬት 16ኛ ቀዳዳ ከባትሪው ኃይል ያገኛል፣ 4ኛውና 5ኛው ማሳ ናቸው። በአንዳንድ መኪኖች ይህ ኃይል የሚመጣው ከሲጋራ ማቀጣጠያው ጋር በአንድ ፊውዝ ነው፤ የስልክ ቻርጀር ያቃጠለው ፊውዝ መኪናውን ሙሉ ዲዳ አስመስሎት ጋራዥ የገባ አይቻለሁ። ካን በሚባለው መስመር በሚነጋገሩ መኪኖች ላይ ደግሞ ባትሪውን ፈትቶ በ6ኛውና በ14ኛው ቀዳዳ መካከል መለካት ብቻ ብዙ ይናገራል። ሁለቱ የመስመሩ ጫፎች ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም ስላለ ደህናው መስመር 60 ኦም አካባቢ ያሳያል። 120 ካሳየ አንዱ ጫፍ ተቋርጧል። ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ቦሽ ይህን የመስመር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1986 ለዓለም ካቀረበ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ለመፈተን የሚያስፈልገው ቴስተርና አምስት ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ ለመቆጠብ የሰውን የወር ገቢ እናቃጥላለን።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አልንቀውም። ከሁሉ የከበደው የክፍያ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ መኪናውን ሲረከብ የሚጠይቀው «ምን ቀየርክ?» ብሎ ነው። ሳጥን ቀየርኩ ካልከው ይከፍላል፤ ዕቃው በዓይን ይታያል። ሦስት ሰዓት አጎንብሼ ፈልጌ አንድ ሽቦ በየድኩ ካልከው «ለሽቦ ይኼን ያህል?» ይልሃል። መፈለግ ዋጋ የሌለው፣ መለወጥ ዋጋ ያለው በሆነበት ገበያ ውስጥ ወጣቱ ኤሌክትሪሻን የትኛውን ይመርጣል? ልጆች አሉት፣ የቤት ኪራይ አለበት። ሐኪም ዘንድ ሄደን የደም ምርመራ ስንታዘዝ ለምርመራው ለብቻው እንከፍላለን፤ ውጤቱ ደህና ነህ ቢል እንኳ ገንዘቤን መልስ አንልም። ለመኪናችን ግን ምርመራ ማለት ስካነር መሰካት ነው ብለን እናምናለን፤ ለስካነር መሰኪያ የተከፈለውም ምርመራ ተብሎ ይጠራል። ኮሮላዋን ይዘውልኝ የመጡት ሰው የጠየቅኳቸውን ክፍያ ሳይከራከሩ ሰጡኝ፤ ያን ያደረጉት ግን ሦስት ሳምንት ከተማሩ በኋላ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ብጠይቃቸው ኖሮ ይከፍሉኝ ነበር ለማለት አልደፍርም።

የጊዜ ክርክርም አለ፤ ሹፌሩ ቸኩሏል፣ ዛሬ ካልሠራ ነገ የሚበላው የለውም፣ ስለዚህ ፈጥነህ ቀይርለት ይባላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃው ነው ወይስ ሦስት ሳምንቱ የሚፈጥነው?

ሌላው ክርክር የከፋው ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚወደው እሱን ነው። «ኢሞቢላይዘሩን አጥፋውና ተገላገል» የሚለው። የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ተከፍቶ የጥበቃው መረጃ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው የማንንም ቁልፍ አይጠይቅም። ሌባው እንደሆነ መላ አያጣም፣ አሮጌ መኪና ደግሞ ማን ይሰርቀዋል ይላሉ።

መላ አያጣም የሚለው እውነት አለው፤ ተመራማሪዎች የአንዳንድ ቺፖችን ምስጢር ፈትተው አሳይተዋል። ግን ከቁጥር ጋር እንነጋገር። የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 1998 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው አስገድዷል፤ ከአውሮፓ የመጡት ያሪሶቻችንና ኮሮላዎቻችን ይህን ጥበቃ ይዘው የመጡት ለዚህ ነው። ያን ቫን ኡርስና ቤን ቮላርድ የተባሉ የኔዘርላንድ ኢኮኖሚስቶች በአገራቸው እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2008 ያለውን ጊዜ መርምረው የመኪና ስርቆት በኢሞቢላይዘሩ ምክንያት በአማካይ 40 በመቶ መቀነሱን አሳይተዋል። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የተገላቢጦሹን ደግሞ አሜሪካ ያለ ዘመድ ያለው ሰው ደውሎ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. የ2015 ሞዴል መኪኖች ሲታዩ ከሌሎች አምራቾች 96 በመቶው ኢሞቢላይዘር ሲኖራቸው፣ በሀዩንዳይና ኪያ ግን 26 በመቶው ብቻ ነበር። ይህን ያወቁ ወጣቶች ከሚልዋኪ ከተማ ጀምረው፣ በቲክቶክ እየተማማሩ፣ የመሪውን ፕላስቲክ ሰብረው በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ መኪና አስነስተው ወሰዱ። ሁለቱ ኩባንያዎች 8.3 ሚሊዮን ለሚሆኑ መኪኖች የጥበቃ ሶፍትዌር ለማደል ተገደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ስምምነት ላይ ደረሱ። ያ ሁሉ የሆነው ዛሬ እኛ በገንዘባችን የምናስጠፋት ያች ትንሽ ጥበቃ ስላልነበረች ነው። አሮጌ መኪና አይሰረቅም ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ አሮጌዋ መኪና የሰውየው ብቸኛ ሀብት ናት።

ከስርቆቱም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኢሞቢላይዘሩ የጠፋበት መኪና የተበጠሰ ሽቦው ተሠራለት ማለት አይደለም። የዛገው ማሳ እዚያው አለ። የላላው ሶኬት እዚያው አለ። ሕመሙን የሚናገረውን አፍ ዘግተን ሕመሙን ትተነዋል። ያ የሽቦ ጅማት ነገ የነዳጅ ፓምፑን በመንገድ መሃል ሊያቆም ይችላል፤ ያኔ የሚያስጠነቅቅ መብራት አይኖርም።

ሳጥን ፈጽሞ አይሞትም እያልኩ አይደለም። ባትሪ ሲበደር ገመዱ ተገላብጦ የታሰረበት፣ ባትሪው ሳይፈታ ቦዲው የተበየደበት፣ ጎርፍ የገባበት ሳጥን በእርግጥ ይሞታል። እኔም ቀይሬያለሁ። ግን ኃይሉ በአምፖል ተፈትኖ፣ ማሳው ተለክቶ፣ የመልእክት መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና መሆኑ ታይቶ፣ ያም ሁሉ ሆኖ ሳጥኑ ዝም ካለ ነው። ቁልፎቹ ሁሉ ጠፍተው፣ ሳጥኑም ገበያ ላይ የሌለበት አሮጌ መኪና ሲያጋጥም ኢሞቢላይዘሩን ማጥፋት የመጨረሻ መውጫ ሊሆን እንደሚችልም አልክድም፤ ያኔ ግን ባለቤቱ ምን እንደሚያጣ ተነግሮት፣ በጽሑፍ ይዞት ይሂድ። ነገ መኪናውን የሚገዛው ሰውም የማወቅ መብት አለው።

ይህን ሁሉ አሁን የምጮኸው ደግሞ ጊዜው ስለጠበበ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉን አሮጌ መኪኖች ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው፤ በሕይወት ያለ ሳጥን እየነቀሉ መጣል የማንችለው ቅንጦት ሆኗል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ከጎማቸው እስከ ባትሪያቸው በመልእክት የሚኖሩ ናቸው። በእነሱ ላይ ግንኙነት ሲጠፋ ለመነሳት ዝግጁ ነኝ የምትለው መብራት አትበራም፤ ለእነሱ የሚሆን ሳጥን በሶማሌ ተራ እንደ ኮሮላ ዕቃ ተደርድሮ አይጠብቅም። 60 ኦም መለካት ያልለመደ እጅ ያን ጊዜ የሚይዘው የለውም።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው አለኝ፤ ስካነሩን ከመሰካታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ፣ መብራቷን እዩ፣ አምፖላችሁን ያዙ። የለካችሁትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ ለፍለጋችሁም ሳታፍሩ ክፍያ ጠይቁ። ለባለቤቶችም እንዲሁ፤ መኪናችሁ ዝም ብላ ጋራዥ ስትገባና «ኮምፒውተሩ ነው» ስትባሉ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ኃይሉ፣ ማሳውና መስመሩ ሲለካ ስንት አሳየ?» ቁጥር ከነገራችሁ እመኑት፣ ለልፋቱም ክፈሉት። ቁጥር ከሌለው የመኪናችሁን ቁልፍ ተቀብላችሁ ውጡ።